ማዘር ቴሬዛ፦ ከእናታቸው ማዕድ እስከ ሕፃናቱ ቤት



በዚህ ዕትም የአንዲት ስመ ጥር ሴት ሕይወት ልናወጋችሁ ነው። የማዘር ቴሬዛን ስም ያልሰማ የለም። እኛ ግን ሕይወታቸውን ከልብ መጠየቅ የጀመርነው በራሳችን ላይ አንድ ነገር ከደረሰ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን አንዷ በድንገት አርፋ ሁለት ልጆች ተዉላን። ከቀብር መልስ በተቀመጥንበት፣ ገሚሶቻችን ልጆቹን እዚሁ ሐዋሳ ወላጅ ያጡ ሕፃናት ወደሚያድጉበት የካቶሊክ እኅቶች ቤት እንውሰዳቸው አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ እኛ እያለን እንዴት ሆኖ አልን። ቤቱን እናውቀዋለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ይዘን ልብስ የምናጥብበት፣ ገንፎ የምናገነፋበት ቤት ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ልባችን ግን አልቆረጠም። በዚያ መሐል አንዲት እኅታችን፣ እንዲህ ያለ ቤት ለመክፈት መጀመሪያ ምን አነሳሳቸው ብላ ጠየቀች። መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው እነሆ። ከአገራችን ታሪክና ዓ.ም. ከተባለባቸው ቀኖች በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማዘር ቴሬዛ የልጅነት ስም አግነስ ነበር። ነሐሴ 20 ቀን 1902 ዓ.ም. በስኮፕዬ ከተማ ተወለደች። ስኮፕዬ ያን ጊዜ በቱርክ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ ናት። ቤተሰቡ አልባኒያዊና ካቶሊክ ነበር። አባቷ ኒኮላ ነጋዴ ስለነበሩ ቤቱ ጎደሎ አያውቅም ነበር። በ1919 ግን አባት በድንገት ሞቱ። አግነስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ከንግዱም ድርሻ ሳይደርሳቸው ቀረና እናቲቱ ድራና ከሦስት ልጆችና ከቤቷ በቀር ምንም አልቀራት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከመካከላችን ብዙዎቻችን በራሳችን እናውቀዋለን። ድራና መርፌና ክር አነሣች። ልብስ ሰፋች፣ ጥልፍ ጠለፈች፣ ጨርቅ ነገደች፤ ሦስቱንም ልጆች አሳደገች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ማዕዷን አላጠበበችም። የተቸገረ ሰው ከቤቷ ሳይበላ አይወጣም ነበር። በሰፈሩ ቁስል የወረሳትና ዘመድ የራቃት ሴት ነበረች፤ ድራና እየሄደች አጥባ ታበላት ነበር። ስድስት ልጆች ያሏት አንዲት መበለትም ነበረች። ያቺ መበለት ስትሞት ልጆቿ ወደ ድራና ቤት መጥተው ከእነ አግነስ ጋር አደጉ። ራሷ ባል የሞተባትና በመርፌ የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ ያም ሆኖ ስድስት ልጆች ጨመረች። አግነስ በዚህ ሁሉ የእናቷን እጅ እያየች አደገች።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት መነኩሴ ልሁን አለች። እናቷ ይህን ስትሰማ ክፍሏ ገብታ አንድ ቀን ሙሉ እንዳልወጣች ይነገራል፤ በኋላ መርቃ ሸኘቻት። በ1928 አግነስ የሎሬቶ እኅቶች ወደሚገኙበት ወደ አየርላንድ ሄደች። እናትና ልጅ ከዚያ ወዲያ አልተያዩም። ድራና በኋላ ወደ አልባኒያ ገባች፤ የዚያ አገር መንግሥት በሩን ዘግቶ ስለነበር ማዘር ቴሬዛ ብዙ ቢለምኑም ሳይፈቀድላቸው በ1972 እናታቸው አረፉ። የስንቱን ልጅ እናት የሆኑት ሴት የገዛ እናታቸውን መቅበር አልቻሉም።

በ1929 መጀመሪያ ሕንድ ደረሱ። ቴሬዛ የሚለውን ስም ወስደው በካልካታ ከተማ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1944 ርእሰ መምህርት ሆኑ። ከግቢው አጥር ውጭ ግን ረኀብና ሞት ነበር። በ1943 በቤንጋል የወደቀው ረኀብ ሕዝብ ጨረሰ። በ1946 በከተማው ሁከት ተነሥቶ ወደ ሦስት መቶ የሚሆኑ ተማሪዎች የሚበሉት ሲያጡ፣ ቴሬዛ ብቻቸውን ወጥተው ከወታደሮች ሩዝ ይዘው ተመለሱ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በባቡር ሲጓዙ፣ ግቢውን ትተው ከድሆች መካከል መኖር እንዳለባቸው በልባቸው ተሰማቸው። ፈቃዱ ለማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ።

በኦገስት 1948 ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ ለብሰው ወጡ። በእጃቸው የነበረው አምስት ሩፒ ብቻ ነበር። ነገር ግን ሳይዘጋጁ አልጀመሩም። አስቀድመው ፓትና ወደሚባል ከተማ ሄደው ሐኪም ከሆኑ እኅቶች ዘንድ የሕሙማን እንክብካቤ ተማሩ። ሩዝና ጨው ብቻ እየበሉ ለመኖር አስበው ነበር። እነዚያ እኅቶች ግን በቂ ምግብ ያልበላ ሰው በሽታ ይወድቅበታል እንጂ ማንንም አይረዳም ብለው መከሯቸው፤ ምክሩንም ተቀበሉ። ይህን ያነበብን ቀን፣ ቁርስ ሳንቀምስ ሮጠን ልብስ ስናጥብ የምንውል ሁሉ እርስ በርስ ተያየን።

ወደ ካልካታ ተመልሰው በአንድ የድሆች ሰፈር ትምህርት ጀመሩ። ሰሌዳም ወንበርም አልነበረም፤ ፊደሉን በእንጨት መሬት ላይ ይጽፉ ነበር። በ1949 የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንድ በአንድ ይከተሏቸው ጀመር። በ1950 ማኅበሩ በካልካታ ሕጋዊ ዕውቅና ሲያገኝ እኅቶቹ አሥራ ሁለት ገደማ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመንገድ ለሚሞቱ ሰዎች ማረፊያ ከፈቱ፤ በ1955 ደግሞ ሺሹ ብሃቫን የተባለውን የሕፃናት ቤት ከፈቱ።

ወደዚያ ቤት ከቆሻሻ መጣያ የተነሡ ጨቅላዎች፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ እናታቸው ልታሳድግ ያልቻለች ልጆች ይመጡ ነበር። ቦታ የለም ተብሎ የሚመለስ አልነበረም፤ አንድ አልጋ ላይ ብዙ ሕፃናት ይተኛሉ። የማይተርፍ የሚመስለው ሕፃን እንኳ በሰው እቅፍ ውስጥ እንጂ ብቻውን እንዳይሞት ይደረግ ነበር። ቤቱ ግን የልጆቹ መጨረሻ እንዲሆን አልታሰበም። የሚያሳድግ ቤተሰብ የተገኘለት ወደ ቤተሰብ ይሄዳል፤ የቀረው ትምህርት ቤት ይገባል ወይም ሙያ ይማራል፤ ሴት ልጅ ስታገባ እንደ ልጅ ተደግሳ ትሸኛለች። እዚህ ላይ የድራናን ቤት አየነው። ያ ቤት የሞተችውን መበለት ልጆች ወደ ማዕድ ነበር ያቀረባቸው።

አሁን ስለ በጎ ፈቃደኞቹ እንንገራችሁ። በ1954 በካልካታ የምትኖር አን ብሌኪ የተባለች እንግሊዛዊት ከጓደኞቿ ጋር መጥታ፣ ለገና በዓል አሮጌ መጫወቻ ሰብስበን ለልጆቹ እንስጥ አለች። ማዘር ቴሬዛ አመስግነው፣ ለልጆቹ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ልብስና ጫማ መሆኑን ነገሯት። ሴቶቹ ያንኑ አመጡ። በዓሉ አልፎ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ሲሉ ማዘር ቴሬዛ የሙስሊም ልጆችም በዓል እንዳላቸው፣ የሂንዱ ልጆችም እንዲሁ፣ አስታወሷቸው። ለአንድ ቀን የመጡት ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ሠራተኛ ሆነው ቀሩ። ይህ የጥቂት ሴቶች ቡድን በ1969 የማዘር ቴሬዛ የሥራ አጋሮች በሚል ስም በቤተ ክርስቲያኒቱ ታወቀ፤ በብዙ አገርም ተስፋፋ። በስማቸው ገንዘብ እየዞሩ መለመንን ግን ማዘር ቴሬዛ አይወዱም ነበር። የሚሹት ሰው ራሱ መጥቶ በእጁ እንዲሠራ ነበር።

ወደ አገራችን የመጡት የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ሲቃረብ ነው። ከቤተ መንግሥት ከመንግሥት ምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ፣ እኅቶቻቸው ድሆችን እንዲያገለግሉ ከመፍቀድ በቀር ምንም እንደማይሹ መለሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ፈቀዱ። መንግሥት ሲለወጥም እኅቶቹ ቀሩ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ማዘር ቴሬዛ ዳግም መጡ። በአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ አግኝቷቸው ነበርና ያየውን ተርኳል። በጋዜጠኞችና በካሜራ ፊት ወደ መንግሥት ሹሙ ዞረው፣ በመንገድ ያዩአቸውን ሁለት ባዶ ሕንፃዎች ለወላጅ አልባ ልጆች ቤት ጠየቁ። ሹሙ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንቢ ማለት አልቻለም፤ ቦታ እንፈልጋለን ብሎ ቃል ገባ። ትንሽ ቁመት፣ የጎበጠ ትከሻ ያላቸው አሮጊት ለራሳቸው ምንም የማይጠይቁትን ያህል ለልጆች ሲሆን አያፍሩም ነበር።

ነቀፌታም አልቀረላቸውም። ቤታቸውን የጎበኙ ሐኪሞች ለሕሙማን የሚሰጠው ሕክምናና የሕመም ማስታገሻ ይጎድላል ብለው ጽፈዋል። ይህን መደበቅ ለማንም አይጠቅምም፤ ፍቅር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ከሞቱ በኋላ በታተሙት ደብዳቤዎቻቸውም ለብዙ ዓመታት ጸሎታቸው ደረቅና ጨለማ እንደነበረ ታወቀ። ደስ ሲላቸው ብቻ አልሠሩም ማለት ነው። በ1979 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው የክብር ግብዣው ቀርቶ ገንዘቡ ለድሆች እንዲሆን አስደረጉ። ነሐሴ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በካልካታ ሲያርፉ ወደ 4,000 የሚጠጉ እኅቶች በ123 አገሮች በ610 ቤቶች ያገለግሉ ነበር።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ፣ ከቁጠባው አስቀድሞ የልጆቹ ነገር ቀረበ። አገራችን በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ከልክላለች፤ ስለዚህ ወላጅ ያጣ ልጅ ዓይኑ የሚያርፈው በእኛው ላይ ነው። ከሟቿ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አባላችን፣ ልጆቹ ድሮም እኔ ቤት ነው እንጀራ የሚበሉት አለች። ጉዳዩን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስታውቀን ልጆቹ ከእሷ ጋር ሆኑ። እኛም ከሳምንታዊ ቁጠባችን ሌላ ጥቂት ብር እየጨመርን ደብተርና የደንብ ልብስ እንሸፍናለን። ቀላል አይደለም፤ ትንሹ አሁንም ሌሊት እየተነሣ ያለቅሳል፤ መዋጮውም የዘገየበት ወር አለ።

ቅዳሜ ወደ እኅቶቹ ቤት መሄዳችንን አልተውንም፤ ጎረቤት ያጣ ልጅ አለና። እዚያ የተማርነው አንድ ነገር አለ። ሕፃናቱ ስጦታችንን ወዲያው ይረሱታል፤ ቀናችንን ግን አይረሱም። የመጣች ሴት በሳምንቱ ስትቀር በር በሩን ሲያዩ ይውላሉ። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን የምታስቡ እኅቶች፣ በወር አንዲት ቅዳሜም ብትሆን የምትችሉትን ቀን ብቻ ያዙ፤ የያዛችሁትን ግን አትልቀቁ። ለደጋፊዎቻችንም አደራ የምንለው ይህንኑ ነው። ልብስና ሳሙና ስትልኩ ከተቻለ ራሳችሁ ይዛችሁ ኑ።

የሚቀጥለው ወር የቅዳሜ ተራ በስብሰባው ቀን ይወጣል። ቁርሳችሁን በልታችሁ ኑ።