ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ እና የንጉሡ ቀዶ ሕክምና

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳ ሐኪሞች አንዱ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ናቸው። በ1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች ጭፍጨፋ ሲገደሉ ገና ልጅ ነበሩ። በድሬዳዋ አድገው፣ በግብፅ እስክንድርያ በቪክቶሪያ ኮሌጅ ተማሩ። በስኮትላንድ ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲም ሕክምና አጥንተው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሠሩ። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ እንዲቋቋም ከደከሙት መካከል ነበሩ፤ በዲንነትም መርተውታል። አፄ ኃይለ ሥላሴን ካከሙ ሐኪሞችም አንዱ ነበሩ።

የቀዶ ሐኪም ሥራ በመጨረሻው ስፌት አያበቃም። ጆሮ መልሶ ሲሠራ ከቆዳው ሥር ደም እንዳይቋጠር፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ፣ ቆዳው ሞቶ ከጎድን አጥንት የተወሰደው ልምአጥንት እንዳይጋለጥ ክትትል ያሻል። የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም መድማት፣ ኢንፌክሽንና የሽንት መዘጋት ያሰጉታል። አዲስ አበባ ታክሞ ወደ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ለሚመለስ ሕሙም ከባዱ ነገር ይኸው ክትትል ነው። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው።

ይህ የጊዜ ጉዳይ በ1967 ዓ.ም. የአገር ጉዳይ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን ሲያርፉ የደርግ መንግሥት ምክንያቱን ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር አያያዘው። ፕሮፌሰር አስራት ግን ከሕክምናው በኋላ የተከሰተ ችግር አልነበረም በማለት የመንግሥትን መግለጫ አልተቀበሉም። ቀዶ ሕክምናው የተደረገውም ከሞታቸው ወራት ቀደም ብሎ ነበር። የንጉሡ አፅም በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቀብሮ ተገኘ፤ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ።

ፕሮፌሰሩ በ1983ቱ የሰኔ ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው የኤርትራን መገንጠል ተቃወሙ። በጥር 1984 ዓ.ም. የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን መሠረቱ። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ ከሚበልጡ ባልደረቦቻቸው ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ በ1986 ዓ.ም. ተፈርዶባቸው ታሰሩ። በእስር ቤት ጤናቸው እየተዳከመ ሄደ። የዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ተገቢ ሕክምና እንዲያገኙ ቢወተውቱም የተለቀቁት በ1991 ዓ.ም. ሕመማቸው ከጠና በኋላ ነበር። ለሕክምና ወደ አሜሪካ ተወስደው ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላደልፊያ አረፉ።

በፖለቲካ አቋማቸው ላይ ዛሬም ክርክር አለ። በሙያቸው ግን የታማሚያቸው ሞት ለመንግሥት መሸፈኛ እንዲሆን አልፈቀዱም። ለሌሎች ሕክምና የደከሙት ሐኪም እሳቸው ራሳቸው በወቅቱ ክትትል ማጣታቸው የሕይወታቸው መራራ ምዕራፍ ሆኖ ቀርቷል።