ሼህ ሆጀሌና የውክልና አማና



ከድባጤ ተነስቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ በገባሁ ጊዜ የታክሲ ረዳቶች ሸጎሌ፣ ሸጎሌ እያሉ ሲጣሩ ሰማሁ። ያን ጊዜ ቃሉ ከአንድ ሰፈር ስምነት ያለፈ ትርጉም አልነበረውም ለእኔ። ይህ ስም የሰው ስም መሆኑን፣ ያውም የእኛው ክልል ሰው የሆኑት የአሶሳው ገዥ የሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ስም በሕዝብ አፍ ተጠጋግቶ የቀረ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ዛሬ የእኚህን ሰው ታሪክ ለማንሳት ያነሳሳኝ እዚሁ ድባጤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የተደረገ ጨዋታ ነው። እኛ የድባጤ ሙስሊሞች ቁጥራችን አነስተኛ ነው። ስለ መቃብር ቦታ፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት፣ ስለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ስንነጋገር አንድ አባት አሶሳ ላይ የሚሰማ አንድ ትልቅ ሰው ቢኖረን ይህ ሁሉ ችግር ባልኖረ ነበር አሉ። ብዙዎቹ ተስማሙ። እኔ ግን ዝም ብዬ ሼህ ሆጀሌን አሰብኩ፤ ምክንያቱም እንደ እሳቸው የሚሰማ ትልቅ ሰው ያ አገር ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አላገኘም።

ሼህ ሆጀሌ የተወለዱት ወታዊት ከሚባለው ወገን ነው። ወታዊቶች ከሱዳን በኩል በንግድና በዲን ትምህርት መጥተው የበርታ ሴቶችን አግብተው፣ ውለው አድረውም የአገሩ ገዥዎች የሆኑ ናቸው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ አገሩ በተለያዩ ሼሆች ተከፋፍሎ ነበር። ሼህ ሆጀሌ አሶሳን፣ ሌሎቹ ደግሞ በላ ሻንጉልንና ሆሞሻን ይዘው እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ ነበር። ከምዕራብ የሱዳን መህዲስቶች፣ ከምሥራቅ የአፄ ምኒልክ መንግሥት ወርቁን ይፈልጉታል። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን አዝማችነት የዘመተው ጦር አገሩን ያዘ። ከሼሆቹ አንዳቸውም አልተረፉም፤ ሼህ ሆጀሌም ተይዘው አዲስ አበባ ገቡ፣ ዓመታትም በእስር አሳለፉ።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። እስረኛው ሰው ተፈተው የዚያው አገር ገዥ ሆነው ተመለሱ፤ ከቀድሞ ተፎካካሪዎቻቸውም በላይ ሆኑ። ማዕከላዊው መንግሥት የሚፈልገው ወርቅ በየዓመቱ እንዲገባለት ነበር። ሼሁም ወርቁን አስገቡ። በዚህም ምክንያት በቤተ መንግሥት ተከበሩ፣ በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ በኩል ለራሳቸው ትልቅ ግቢ ሠሩ፣ ሰፈሩም በስማቸው ተጠራ። በሸዋ ቤተ መንግሥት አንድ ሙስሊም የጠረፍ ገዥ እንዲህ መከበሩ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚህ በኩል ብልህ ሰው እንደነበሩ መካድ አይቻልም። አገራቸው በሌላ ሹም እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይወድቅ አሥርተ ዓመታት የቆየው በእሳቸው ዘዴ ነው።

ነገር ግን ወርቁ ከየት መጣ? ውድ አንባብያን፣ ታሪክ የሚጎመዝዘው እዚህ ላይ ነው። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ የሚያጥበው ተራው የበርታ ገበሬ ነበር። ከወርቁም ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ከአባይ ደቡብ በርታው፣ ማኦውና ኮሞው እየተያዘ ወደ ሱዳንም ወደ መሐል አገርም ተነዳ። የሼሁ ባለቤት የሲት አምና ስም በሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር መዝገብ ውስጥ ከዚሁ ንግድ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆና ባርነትን የሚከለክል አዋጅ ካወጣች በኋላም ንግዱ በአንድ ጊዜ አልቆመም። በእኛ በመተከል በኩል ደግሞ ጉሙዙ በሌሎች ገዥዎች እጅ ያው ዕጣ ደርሶበታል። ሼህ ሆጀሌ ጣልያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን፣ በ1938 እ.ኤ.አ. አረፉ።

እንግዲህ ይህ ሰው የሕዝባቸው ወኪል ነበሩን? በቤተ መንግሥት የሚሰሙ መሆናቸው እርግጥ ነው። ዳሩ ግን የሚናገሩት ስለ ማን ነበር? ሼህ ተብለው ሲጠሩ የኖሩት እኚህ ሰው፣ ባሪያ ነፃ ማውጣት ዘካ ከሚወጣባቸው በሮች አንዱ መሆኑን በሚያስተምር ዲን ውስጥ ሆነው፣ ከሚያስተዳድሩት ሕዝብ መካከል ሰው ሲሸጥ ኖሩ። ይህን መሸፋፈን የሙስሊም ወግ አይደለም። ዘመኑ እንዲያ ነበር ማለት ይቻል ይሆናል፤ የመሐል አገር ሹማምንትም ከዚሁ የተለዩ አልነበሩም። የተሸጠው ሰው ግን በዘመን አይጽናናም።

ዛሬ ጊዜው ሌላ ነው። የ1995 ዓ.ም. የክልላችን ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ባለቤት ናቸው ሲል ሌሎች ነዋሪ ሕዝቦችንም ያውቃል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌላም ቦታ በሰፈራ ወደ መተከልና ወደ አሶሳ የመጡት ብዙዎች፣ ከእነሱም ውስጥ ሙስሊሞቹ፣ በዚህ አነጋገር ውስጥ ቦታቸው የት እንደሆነ ሲጠይቁ ኖረዋል። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ የበርታን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ዕጩዎች ተከለከሉ። ነገሩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ1995 ዓ.ም. የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ እንደሚበቃ ተወሰነ። ይህ የተገኘው በአንድ ትልቅ ሰው አማላጅነት ሳይሆን፣ ሰዎች አቤቱታቸውን ጽፈው፣ ሕግ ጠቅሰው በመከራከራቸው ነው።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም ነው። ይህ ቁጥር ያረፈው ግን በአብዛኛው ከአባይ ማዶ ነው። አሶሳ ላይ ሙስሊም ባለሥልጣን መኖሩ ብቻ ለድባጤ መድኃኒት አላመጣም፣ መንገድም አልጠረገም። አንድ ጊዜ ከጎረቤቶቼ ጋር የመቃብር ቦታ ጥያቄ ይዘን አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሹሙ የእኛው ሰው ነው ብሎ አጽናናን። ሰውዬው በፈገግታ ተቀብሎ፣ በፈገግታ ሸኘን፤ ማመልከቻችን ግን ሳይከፈት ቀረ።

ስለዚህ የድባጤ አባቶቼንና ወንድሞቼን የምለምነው ይህንን ነው። ትልቅ ሰው አንፈልግ፤ ተጠያቂ ሰው እንፈልግ። ስንመርጥ ሃይማኖቱን ከማየታችን በፊት ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው ምን እንደሠራ እንጠይቀው፣ በዓመት አንድ ጊዜም መጥቶ ሒሳቡን ይንገረን። ስንጠይቅም ለራሳችን ብቻ አንጠይቅ። ከጎናችን ያለው የጉሙዝ ልጅ የሚሄድበት ትምህርት ቤት ከሌለ፣ የእኛ ጥያቄ የሼህ ሆጀሌን ወርቅ ይመስላል፤ ለጥቂቶች ክብር፣ ለብዙዎች እንባ። መተከል ባለፉት ዓመታት ያየውን መከራ ያየ ሰው፣ ጎረቤቱን ትቶ ብቻውን የሚለማ ወገን እንደሌለ አይጠፋውም።

ከሼህ ሆጀሌ ክብር አዲስ አበባ ላይ የቀረው የአንድ ሰፈር ስም ነው። ውክልና አማና ነው፣ አማናም የቂያማ ቀን ይጠየቁበታል። አላህ አማናውን የሚጠብቅ ወኪል፣ ወኪሉንም የሚጠይቅ ሕዝብ ያድርገን። አሚን!