ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ ከመርሐቤቴ የተነሡት የትምህርት ወዳጅ

በሰሜን ሸዋ የጀማና የወንጪት ሸለቆዎች ከሚያዋስኑት ከመርሐቤቴ ምድር ከወጡት ታላላቅ ሰዎች መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የተወለዱት በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ደን በተባለው ሥፍራ ነው። ደራሲነታቸውንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ሕይወታቸው ግን አንድ ሌላ ነገርም ያሳየናል። የድኻ ልጅ የሚማርበትን ወጪ በአገራችን ማን ይችል እንደ ነበረ፥ ያም ልማድ እንዴት እንደ ተለወጠ ከእርሳቸው ዘመን ይልቅ በግልጽ የሚታይበት ዘመን የለም።

ኅሩይ የተማሩት እንደ ዘመናቸው ልጆች ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ በኋላም በእንጦጦ ራጉኤል ትምህርታቸውን አስፋፍተዋል። በዚያ ሥርዓት ክፍያ የሚባል ነገር አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእመቤታችን ስም በየደጁ እየለመነ ፊደሉን፥ ዳዊቱን፥ ዜማውንና ቅኔውን ይማር ነበር። የኔታ እውቀታቸውን ይሰጣሉ፤ ባላገሩ ኩርማን እንጀራውን ይሰጣል፤ ተማሪውም እንጨት ሰብሮ፥ ውኃ ቀድቶ መምህሩን ያገለግላል። የመንዝ፥ የግሼና የመርሐቤቴ ገበሬ ከውርጭና ከበረዶ የተረፈችውን ገብስ ከማያውቀው ልጅ ጋር ሲካፈል ኖሯል። ይህን ልማድ ልመና ብለው የሚንቁት አሉ፤ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን አገሩ በሙሉ የሚያዋጣው የትምህርት ድጎማ ሆኖ ይታየዋል። እርግጥ ነው፥ የውሻ ንክሻውና የረኃቡ ሌሊት ስንቱን ልጅ ከመንገድ እንዳስቀረው መዘንጋት አይገባም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ኅሩይ 30 ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ ለተማሪነት ጊዜው አልፎባቸዋል። ስለዚህ ዓለምን የተማሩት በመጻሕፍትና በጉዞ ነው። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላከው መልእክተኛ ጋር ሄዱ፤ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ ኅሩይ ከተከታዮቻቸው አንዱ ነበሩ። በዚያው ጉዞ አልጋ ወራሹ በሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛን ማነጋገራቸውን ምእመናን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በነበሩት ዓመታት የትምህርት ወጪ ጉዳይ አዲስ መልክ ያዘ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የቆመው በአልጋ ወራሹ በራሳቸው ገንዘብ ነው። ወጣቶችም ወደ ግብፅ፥ ወደ ሊባኖስ፥ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ይላኩ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ መላኩ በያን በአሜሪካ ሕክምና ተምረው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። የኅሩይ ልጆች ሲራክና ፈቃደ ሥላሴም በእንግሊዝ አገር፥ ሲራክ በኦክስፎርድ፥ ፈቃደ ሥላሴ በካምብሪጅ ተምረዋል። የተማሪው ስንቅ ከባላገሩ ደጅ ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት የተዛወረው በዚህ ጊዜ ነው። ለውጡ ታላቅ ነበር፤ ጉድለትም አላጣውም። ከየኔታ ዘንድ ለመማር እግርና ጽናት ይበቃ ነበር፤ ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ ግን የሚያውቅህ ሰው በቤተ መንግሥት መኖር ነበረበት። የደን ወይም የግሼ እረኛ ማን ነበረው?

ይህን ጉድለት ኅሩይ አስበውት እንደ ነበረ የሚያመለክት አንድ ሥራ አላቸው። ከ20 በላይ ከሆኑት መጻሕፍቶቻቸው መካከል በ1925 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ዓለም የተሰኘው ልብ ወለድ ታሪክ ባለታሪኩን አወቀን የሚያስነሣው ከመኳንንት ቤት ሳይሆን ከጠጉለት ባላገር ነው። አወቀ ትምህርት ይናፍቃል፤ ከአንድ ፈረንሳዊ ጋር ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ ተምሮም ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። ደራሲው የሚበዛውን ሐሳባቸውን ያፈሰሱት ግን በፓሪሱ ኑሮ ላይ አይደለም፤ ልጁ ከተመለሰ በኋላ ከዘመዶቹና ከአገሩ ልማድ ጋር ባጋጠመው ጭንቀት ላይ ነው። ልጅን ማስተማር ገንዘብ ከመክፈል ጋር እንደማያበቃ፥ የተማረውን የሚቀበል ወገንም እንደሚያስፈልግ ያወቁ ይመስላል።

ዛሬም በዚያው ደጋ ልጁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ዓለም ከተማ፥ ወደ መሐል ሜዳ፥ ወደ ሞላሌ ወይም ወደ ራቤል መውረዱ የተለመደ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማሪያ ባያስከፍል እንኳ የቤት ኪራይ፥ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፤ ስንቁም ከቤት በጀርባ ተጭኖ ይመጣል። በየቁምስናው ያሉ ካቴኪስቶች ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ቤት ገብተው ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ምክንያት የልጁ ስንፍና ሳይሆን የሁለት ወር ኪራይ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ጃፓንን ጎበኙ፤ ስለዚያችም አገር መጽሐፍ ጻፉ። ጃፓን በመንግሥቷ ወጪ ወጣቶቿን ወደ ውጭ ልካ እያስተማረች ኃያል የሆነች አገር ስለ ነበረች ኢትዮጵያውያን ምሁራን በዚያ ዘመን ዓይናቸውን ጥለውባት ነበር። ዳሩ ግን ጊዜ አልተገኘም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች፤ ኅሩይም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ያ ሁሉ ወጪና ድካም ያፈራቸው ወጣቶች በ1929 ዓ.ም. እየተለቀሙ ተገደሉ፤ ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይም ከእነርሱ አንዱ ሆኑ። አባታቸው በእንግሊዝ አገር፥ በባዝ ከተማ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በተቀመጡበት ቤት በመስከረም 1931 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። የአገራቸውን ነጻ መውጣት አላዩም።

ሲራክ ከመከራው ተርፈው የእንግሊዛዊውን የሳሙኤል ጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ መለሱ። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣውም ልጅ አልጋውን፥ ምግቡንና መጽሐፉን ከመንግሥት ያገኝ ጀመር።