አባቱ መተማ ላይ ወደቀ፣ ልጁ በርሊን ገባ

ጀርመን ሄዳችሁ በኢንጂነሪንግ ማስተርስ ለመማር ዶክመንት እያሰባሰባችሁ ያላችሁ፣ ይቺን ታሪክ ሳታነቡ እንዳታልፉ። ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን የተማረ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል። ታሪኩ የእኛዋን መተማንም ይነካል።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ ተወለደ። አባቱ የአጼ ዮሐንስ ወታደር ነበር። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሡ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ጦርነት የእሱንም አባት ወሰደ። ልጁ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም።

ትንሽ ከፍ ሲል ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ሊያይ ወጣ። ጓደኞቹ ሲወርዱ እሱ ተደብቆ ቀረ። አውሮፓ ሲደርሱ ካፒቴኑ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው፤ እነሱም አሳደጉት። ጀርመንኛውን አቀላጠፈው፣ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ገብቶም ሕክምና ተማረ።

እዚያው መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ተመለሰ። ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ። ንጉሡ ታመው ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ሲታመስ ግን አልተመቸውም፤ ወደ ሱዳን ተሰደደ። በኋላ ተመልሶ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም ሆነ።

ድሬዳዋ ላይ የባቡሩን ጭነት በየቀኑ ያያል። የሚወጣው ቆዳና ቡና፣ የሚገባው ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ። አንድ ጥያቄ አልለቀው አለ፦ የእኛ ገበሬ ከንጋት እስከ ማታ እየለፋ ለምን ደኸየ?

መልሱን መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፉ ጻፈው። በእሱ አስተሳሰብ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በመሣሪያ ስለሚሠራ በትንሽ ድካም ብዙ ያመርታል። ዕውቀት የሌለው ደግሞ የብዙ ቀን ላቡን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ሰዓት ሥራ ይገዛል። ባቡር ቢመጣም እዚህ የሚመረት ነገር ከሌለ የሚጠቅመው ባዕዱን ነው ባይ ነበር።

እስቲ ወደ ገለጉ አምጡት። ሰሊጣችን በኩንታል ታሽጎ ጥሬውን ይወጣል። ዘይቱ በጀሪካን፣ ትራክተሩና ፓምፑ በመርከብ ከውጭ ይመጣል። ሰውየው ያለው ይሄንኑ ነው።

መፍትሔም ጽፏል፦ ግብሩ የታወቀ ይሁን፣ ወታደር በገበሬ ላይ መኖሩ ይቅር፣ ትምህርት ቤት ይከፈት፣ ሕግ ይጻፍ። የሰማው ግን ጥቂት ነው። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመቱ አካባቢ ሞተ። መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ እሱ አላየውም። ዛሬ የኢኮኖሚ ምሁራን ከዘመኑ የቀደመ ይሉታል።

እንግዲህ የመግቢያ ደብዳቤው ሲመጣላችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ሂዱ ተማሩ። ሰሊጥ መጭመቂያውን ማን ይሥራው የሚለውን ጥያቄም ሻንጣችሁ ውስጥ ያዙት። እናንተ ምን ተምራችሁ መመለስ ትፈልጋላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።