ከአዚናራ እስር ቤት እስከ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት፤ የስንዱ ገብሩ የሕይወት መንገድ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንደ አማርኛ ቃል የተለመደ ነው። ምንጩ ግን ጣሊያንኛ ነው። ፋሽስት ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው አምስት ዓመታት ለመንግሥቱ ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራ ኢንቺስ የተባለ ተቋም ነበረው፤ የተቋሙ ቤቶች የተሠሩበት ሰፈርም የኢንቺስ ቤቶች፣ ካዛ ኢንቺስ ተባለ። ከተማዋን በዘር ለመክፈል በወጣው እቅድ መሠረት ሐበሻው በሌላ ወገን እንዲሰፍር ተወስኖ ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ቤቶቹ ለኢትዮጵያውያን ተረፉ፤ ስሙም አብሮ ተረፈ። ከካዛንቺስ ቁልቁል እስከ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያለው መንደርም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት እየሰፋና በሰው እየተሞላ ሄደ።

በእነዚህ ሰፈሮችና በመላዋ አዲስ አበባ የሚኖረው ሕዝብ በ1950 ዓ.ም. መባቻ እንግዳ የሆነ ጥያቄ ቀረበለት። በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተቀምጦ ስለ እርሱ የሚናገርለትን ሰው ራሱ እንዲመርጥ ተጠየቀ። ከዚያ በፊት የነበረው ምክር ቤት በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመ ሲሆን አባላቱን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። ጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በምስጢር ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደ። ሕዝቡ ከ30 ሺህ በላይ የሆነ ከተማ አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 50 ሺህ ሰው ደግሞ ተጨማሪ እንደራሴ እንዲኖረው ተደነገገ።

ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። በዛሬው ዘመን መራጩ የእጩውን ማንነት ባያውቅ እንኳ የፓርቲውን ምልክት አይቶ ይመርጣል፤ ያን ጊዜ ግን ከእጩው በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ነገሩ ገበያ ወጥቶ በሬ ከሚገዛ ገበሬ ጋር ይመሳሰላል። ገበሬ የቀንዱን ማማር ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ በሬው በየትኛው ማሳ እንደዋለ፣ ከማን በሬ ጋር እንደተጠመደ፣ ቀንበር ተሸክሞ የመተኛት አመል እንዳለበትና እንደሌለበት ይጠይቃል። ለአዲስ አበባ መራጭም የእጩው ያለፈ ታሪክ ብቸኛው መመዘኛ ነበር።

በዚህ ሚዛን ላይ ከወጡት እጩዎች አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ።

ወይዘሮ ስንዱ በጥር 1908 ዓ.ም. በመናገሻ አውራጃ፣ አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ከጎንደር ምድር የወጡ፣ በልጅነታቸው በሚሲዮናውያን እጅ ያደጉ፣ በውጭ ሀገር ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። የጎንደር ከንቲባ፣ በኋላም የአዲስ አበባ ከንቲባ ሆነው አገልግለዋል፤ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ቡድን አባላትም አንዱ ነበሩ። በመጀመሪያው ምክር ቤት ዘመን ደግሞ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው ተሹመዋል። ከንቲባነቱም ሆነ የምክር ቤቱ ወንበር በሹመት የተገኘ ነው። በአባትና በልጅ መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው፤ ልጂቱ ወደ ምክር ቤት የገቡበት በር አባታቸው ካለፉበት የተለየ ነበር።

ስንዱ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በሎዛንም ሥነ ጽሑፍ አጥንተው በ1925 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ባሕር ተሻግራ መማሯ ለአንዳንዱ ኩራት፣ ለብዙው ግን ጥርጣሬ ነበር። ፈረንጅ አገር ያደገች ልጅ ሃይማኖቷን ትታለች፣ ባህሏን ንቃለች ማለት የተለመደ ሐሜት ነው። አባትየው የሚሲዮን ልጅ መሆናቸው ሲታከልበት ሐሜቱ ይበረታል። ከዚያም ኤርትራ ተወልደው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፍተኛ ሥፍራ የነበራቸውን ሎሬንሶ ታእዛዝን አገቡ፤ ጋብቻው ግን በፍቺ አበቃ። የፈታች ሴት የሚለው ስም በገጠርም በከተማም ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ድምፅ ሊሰጥ የተሰለፈ ሰው ስለ ስንዱ የሚያወራው የከንቲባ ልጅነታቸውን፣ የፈረንጅ ትምህርታቸውንና ፍቺያቸውን ብቻ ይሆን ነበር። ጦርነቱ ይህን ሁሉ ቀየረው።

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባና ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ፣ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎችና የተማሩ ወጣቶች ወደ ምዕራብ ወጥተው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ስንዱም ከእነርሱ ጋር ተሰለፉ። የጥቁር አንበሳ ጦር ከራስ እምሩ ጋር ሆኖ እስከ ጎጀብ ወንዝ ተዋግቶ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጠላት ተከብቦ እጅ ሰጠ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የካቲት 12 ደረሰ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ ይታወቃል። ከጭፍጨፋው ተከትሎ የተማሩትና ስም ያላቸው ኢትዮጵያውያን እየተለቀሙ በመርከብ ወደ ጣሊያን ተጋዙ። የስንዱና የአባታቸው የከንቲባ ገብሩ መጨረሻም በሰርዲኒያ አጠገብ ያለችው የአዚናራ ደሴት ሆነ። ሽማግሌው አባትና የሃያ አንድ ዓመቷ ልጅ በአንድ የባሕር እስር ቤት ታጎሩ።

ከእስር ተለቅቀው፣ ሀገሪቱም ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ስንዱ የያዙት ሥራ ማስተማር ነው። በደሴ በትምህርት ሥራ ተሰማሩ፤ ወሎዎች ዛሬም ይህን አንድ የታሪካቸው ገጽ አድርገው ቢይዙት ይገባቸዋል። ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት መምህርት፣ ምክትል ዳይሬክተር፣ በመጨረሻም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ስለ አርበኞች ተጋድሎ የጻፏቸውን ተውኔቶችና ግጥሞች የያዘው የልቤ መጽሐፍ የተባለ ሥራቸውም በ1942 ዓ.ም. ታተመ።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ከነፃነት በኋላ በነበረችው አዲስ አበባ ማንም ሰው ፊት ለፊት ባይጠየቅም ከጀርባው የሚጠየቅ ጥያቄ ነበር፤ በአምስቱ ዓመት የት ነበርክ የሚል። መልሱ ቀላል አልነበረም። አርበኛ ነበረ፤ ስደተኛ ነበረ፤ ባንዳም ነበረ። ሹመት ሲከፋፈል ጫካ የከረመው አርበኛ ወደ ጎን ሲገፋ፣ ለጠላት ያደረው ወንበር ሲያገኝ የታዘበ ሕዝብ ቂም ይዞ ነበር። በጎጃም በላይ ዘለቀን የመሰለ አርበኛ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሲቀጣ የዚህ ዓይነቱ ቂም ወደ ኀዘን ተለወጠ። በአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩት ታላቁ አርበኛ ደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት ሕይወታቸውን በእስርና በሹመት መካከል ሲመላለሱ ኖረው፣ በ1962 ዓ.ም. በገዛ ቤታቸው ከመንግሥት ኃይል ጋር ሲታኮሱ ወደቁ። ባለፈው ታሪክ ላይ ዳኛው ቤተ መንግሥት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ፍርዱ ሁልጊዜ የሕዝቡን ልብ አያሳርፍም ነበር።

ስንዱ ግን የዘመኑን ታሪክ ከጀርባ ለሚወራ ሐሜት አልተዉትም። ጽፈው አሳተሙት፤ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ አቁመው አሳዩት። ብዙ እጩ ያለፈ ሕይወቱን ሸፍኖ በሚቀርብበት ዓለም እርሳቸው ምርጫው ከመምጣቱ ሰባት ዓመት አስቀድመው ልባቸውን በመጽሐፍ ገልጠው ነበር።

ለእጩነት ሕጉ የሚጠይቀው ቀላል አልነበረም። ዕድሜ ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም፤ በምርጫው ክልል ነዋሪ መሆንና ሕጉ በሚወስነው መጠን ንብረት ማፍራት ያስፈልጋል። መሬትና ቤት በአብዛኛው በአባት፣ በባልና በወንድም ስም በሚያዝበት አገር ይህ ድንጋጌ ብዙ ሴቶችን ከደጃፍ የሚመልስ ነበር። ስንዱ ይህን አልፈው በአዲስ አበባ ተወዳደሩ፤ ሕዝቡም መረጣቸው። በኢትዮጵያ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ ወደ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

እንግዲህ የከተማው መራጭ ሁለት መዝገብ ተዘርግቶለት ነበር ማለት ነው። በአንዱ የፈረንጅ ትምህርት፣ የሚሲዮን ቤተሰብና ፍቺ ተጽፏል። በሌላው ጥቁር አንበሳ፣ አዚናራና የእቴጌ መነን ተማሪዎች ተጽፈዋል። ሴት ልጁን ለስንዱ አደራ የሰጠ አባት በዚህ ምርጫ ድምፅ ሰጪ ነበር፤ እናትም ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎኑ ተሰልፋለች። የምርጫው ውጤት የትኛው መዝገብ እንደከበደ አሳይቷል። ከሰው የግል ኑሮ ይልቅ ለሀገርና ለልጆች የዋለው ውለታ በለጠ፤ ያውም ሐሜት ቀላል በሆነበት፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ በሚያውቅበት ከተማ።

ይህ ፍርድ ግን ሥልጣን ሁሉ ይዞ አልመጣም። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት አሁንም በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፤ የመጨረሻው ቃልም የቤተ መንግሥት ነው። ስንዱ በወንዶች በተሞላው አዳራሽ ውስጥ በተቀመጡበት በዚያው የምክር ቤት ዘመን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ብዙ የሠለጠነ ድንጋጌ የያዘው ይህ ሕግ የቤተሰቡ መሪ ባል ነው ይላል። ዕጣ ፈንታውን አስተውሉት፤ መራጮች አንዲትን ሴት የአገር ሕግ እንድታወጣ ልከዋታል፣ ሕጉ ግን በራሷ ቤት መሪው ባሏ እንደሆነ ይነግራታል። ይህ አንቀጽ በፌዴራል ደረጃ እስኪሻር አርባ ዓመት ያህል ጠይቋል።

በምክር ቤቱ ሥራቸው ባልደረቦቻቸው ወንዶች ሳይቀሩ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧቸው። ከዚያም በቦን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የትምህርትና የባህል ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ወደ ጀርመን ሄዱ። በዚህ ዘመን የትዳር አጋራቸው ሜጀር አሰፋ ለማ ነበሩ፤ ሁለተኛው ትዳራቸው ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ እርሳቸው የተመረጡበት ምክር ቤት ተበተነ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በተወለዱ በ93 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2001 ዓ.ም. አረፉ። የጣሊያን ሠራተኞች የኖሩባቸው የካዛንቺስ ቤቶች በቅርብ ዓመታት ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ በስፍራው የቀረው ስሙ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው፣ እርሳቸው የመሩት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ ከአብዮቱ በኋላ ለረጅም ዘመን የካቲት 12 እየተባለ ተጠራ፤ ወደ አዚናራ በተጋዙበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ በዚያች ክፉ ቀን ስም።