አይቪ ሊና የዲግሪው ዋጋ

ከዩኒቨርሲቲ ስንወጣ በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ለመሠማራት የምናስብ ጥቂቶች አይደለንም። ታዲያ ለዚህ ሥራ ዲግሪ ምን ይረባል የሚለው ጥያቄ በመካከላችን ዘወትር ያከራክራል። ስለዚህ ሙያውን ከመሠረቱት ሰዎች የአንዱን ሕይወት ብንመለከት ይበጃል ብለን አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይቪ ሊ በ1877 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በጆርጂያ ግዛት ከአንድ የሜቶዲስት ቄስ ተወለደ። በመጀመሪያ በኤመሪ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በፕሪንስተን ተምሮ በ1898 ተመረቀ። ሕግ ለማጥናት ሃርቫርድ ቢገባም ገንዘብ አጠረውና ትቶት ወጣ፤ በኒውዮርክም ጋዜጠኛ ሆነ። በዚያን ጊዜ በሕዝብ ግንኙነት ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ቤት አልነበረም። ኤድዋርድ በርኔይስ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት ማስተማር የጀመረው በ1923 ነው፤ እርሱም ራሱ ከኮርኔል የተመረቀው በእርሻ ትምህርት ነበር። ሊ በፕሪንስተን የተማረው ኢኮኖሚክስ ግን የነጋዴውንና የባንኩን ጉዳይ አስተውሎ እንዲጽፍ ረዳው።

በ1906 የከሰል ማዕድን ባለቤቶች ቀጠሩት። እርሱም ሥራው በግልጽ እንደሚካሄድ፣ የሚሰጠው ወሬ ትክክለኛ እንደሚሆን፣ ለማጣራት የሚፈልገውንም ጋዜጠኛ እንደሚረዳ በጽሑፍ ለጋዜጣ አዘጋጆች አስታወቀ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የፔንሲልቬንያ ኩባንያ ባቡር በአትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ከድልድይ ወደ ውኃ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሊ አደጋው ይሸፈን አላለም፤ የሆነውን ጽፎ ለጋዜጦች አደለ። ይህም የዛሬው የፕሬስ መግለጫ መጀመሪያ ተብሎ ይጠቀሳል።

ፈተናው የመጣው በ1914 ነው። በኮሎራዶ፣ ሉድሎ በተባለ ስፍራ፣ ሥራ ያቆሙ የከሰል ቆፋሪዎች የሰፈሩበት ድንኳን ተቃጠለ፤ በጉድጓድ ተሸሽገው የነበሩ 2 ሴቶችና 11 ሕፃናት በጢስ ታፍነው አለቁ። የኩባንያው ዋና ባለድርሻ የሮክፌለር ቤተሰብ ነበር። ከዚያ በኋላ ሮክፌለር ልጁ ሊን ቀጠረው። ሊም በየቦታው ባሰራጨው ጽሑፍ የሠራተኛ ማኅበሩ መሪዎች የአንድ ዓመት ደመወዝ የዘጠኝ ሳምንት ተደርጎ ወጣ። የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን ሲጠይቀው ቁጥሩን ኩባንያው እንደ ሰጠው መቀበሉን፣ አለማጣራቱንም አመነ።

ዲግሪው የሚፈለገው በዚያች ሰዓት ነበር። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው የደመወዝ መዝገብ ማንበብ ያቅተዋል አንልም። ዕውቀቱ ነበረው፤ ከቀጣሪው የመጣውን ቁጥር መጠየቅ ግን አልፈለገም። የገባውን ቃል ያፈረሰ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ነው።

ስሙም ከዚያ ነቀፋ አልጠራም። በ1934 ኢ.ጌ. ፋርበን ለተባለው የጀርመን ኩባንያ በመሥራቱ በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ57 ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ በዚህ ሙያ ዲግሪ የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። ይጠቅማል ወይ ለሚለን ባልንጀራችን አዎን እንለዋለን፤ ግን ሥራ መቀጠሪያ ብቻ ከሆነ ዋጋው ከመጀመሪያው ደመወዝ አያልፍም። አለቃ የሰጠንን ወረቀት ለጋዜጣ ከማቀበላችን በፊት ይህ ቁጥር ከየት መጣ ብለን ለመጠየቅ ዕውቀትም ድፍረትም ከሰጠን ግን፣ አራቱ ዓመት በከንቱ አላለፉም።