የስሜንን ተራሮች በማዕዘን የለኩት አንቷን ዳባዲ

አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በአየርላንድ ደብሊን ከተማ ከባስክ ተወላጅ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለዱ። በልጅነታቸው ቤተሰባቸው ወደ ፈረንሳይ ስለ ተሻገረ ያደጉትና የተማሩት በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ከታናሽ ወንድማቸው ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

በዚያ ዘመን ከምጽዋ በአድዋ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚያመራ ነጋዴ የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ በደባርቅና በዳባት ያልፍ ነበር። የመንገዱ ርቀት የሚነገረው በጉዞ ቀን ነበር። ገደል በበዛበት በዚህ አገር መሬቱን በሰንሰለት እየጎተቱ መለካት የሚታሰብ አልነበረም። ዳባዲ ስለዚህ ሌላ ዘዴ መረጡ። ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ቆመው በሩቅ በሚታዩ ተራሮች መካከል ያለውን ማዕዘን በመሣሪያ ለኩ፤ የቆሙበትን ቦታ ከፀሐይና ከከዋክብት አገኙ፤ ከፍታውን ደግሞ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት አሰሉ። አንዱ ተራራ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሲታይ ሥፍራው ይታወቃል። የስሜን ከፍተኛ ጫፎችም በዚህ ስሌት ውስጥ ገቡ።

ዳባዲ በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው ከጎንደር እስከ እናርያና ከፋ ተጉዘዋል። ይሁንና ከባድ ስሕተት ፈጽመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1847 በጊቤ አካባቢ ያገኙትን ምንጭ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብለው አምነው ነበር። ወደ አውሮፓ ከተመለሱ በኋላ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ከፋ መድረሳቸውን ጭምር ተጠራጠሩ፤ የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበር የሸለማቸውንም ሜዳልያ በተቃውሞ መለሱ። ዳባዲ የለኩትን ማዕዘን ሁሉ አደራጅተው፣ በሒሳብ ሊቁ ሮዶልፍ ራዶ አስመርምረው እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 አሳተሙት። ስለ ምንጩ የነበራቸው አሳብ ወደቀ፤ ልኬታቸው ግን ለኋለኞቹ ካርታዎች መሠረት ሆነ። ከዚህም ሌላ የአማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1881 አሳትመዋል፤ የሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍትም በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1897 በ87 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዳባዲን ደመናና ጭጋግ ያስቆማቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ግን ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ የስሜንን ተራሮች ጨምሮ አብዛኛውን የምድር የብስ በራዳር ለካች። የራዳር ሞገድ በሌሊትም በደመናም ውስጥ ያልፋል። መንኮራኩሯ በ60 ሜትር ምሰሶ የተራራቁ ሁለት አንቴናዎች ነበሯት፤ ከፍታው የታወቀው አንዱን መሬት ከሁለት ቦታ በማየት ነው። በመሠረቱ የዳባዲ መንገድ ይኸው ነበር። ገደል የጋረደው መሬት ግን ለራዳርም አይታይም፤ ስለዚህ ክፍተቱ በሌላ ልኬት መሞላት አለበት።

እንዲህ ያለው የከፍታ መረጃ ዛሬ ለመንገድ ጥናትና ለጎርፍ ቅድመ ዝግጅት ያገለግላል። ያለ ሹፌር የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪም አቀበቱንና ቁልቁለቱን አስቀድሞ የሚያውቀው ከዚህ ዓይነቱ መረጃ ነው፤ በጉዞው ላይ የሚገጥመውን መሰናክል ለመለየት ደግሞ አቧራና ጭጋግ እምብዛም የማያግደው የራሱ ራዳር ይረዳዋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ቢራቀቅም የዳባዲ ሕይወት የሚያስተምረው አልተለወጠም፤ አሳብ ቢሳሳትም በጥንቃቄ ተለክቶ የተመዘገበ ነገር ለሚቀጥለው ትውልድ ይጠቅማል።